የቪአር መነጽር ለተራው ተጫዋች ደርሷል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ በአጭሩ ቪአር የሚባለውን፣ ዓይንን ሸፍኖ ሌላ ዓለም ውስጥ የገቡ የሚያስመስለውን መነጽር ለጨዋታ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያሉ ለሚያመነቱ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋጋዎቹ ደግሞ ዕቃዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ ሲውሉ የተተመነላቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከፍ ወይም ዝቅ ያሉ አሉ።

ሳታንዛዙ ንገሩኝ፤ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

መነጽሩ ደርሷል። ምስሉም፣ የእጅና የራስ እንቅስቃሴን የሚከታተልበት ፍጥነትም፣ ዋጋውም ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አይወዳደርም። ያልደረሰው ልማዱ ነው። ሰው ከሥራ ደክሞ ሲገባ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የሚያነሳው ጆይስቲኩን ወይም ስልኩን ነው፤ መነጽሩ ካለበት ተነሥቶ እስኪጠለቅ ድረስ ያለው ጣጣ ዛሬም አልቀለለም። ስለዚህ አንድ መጫወቻ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ገንዘቡን ቪአር ላይ ባያውል ይሻለዋል እንላለን። ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም መጫወቻ) ወይም ጥሩ ኮምፒውተር ኖሮት ሰውነቱን እያንቀሳቀሰ መጫወት የሚወድ፣ ወይም በበረራና በመኪና ውድድር ጨዋታ የሚያብድ ሰው ግን ያለ ስጋት ቢገዛ አይቆጭም።

«የቪአር ዘመን መጣ» ሲባል የሰማነው ስንት ጊዜ ነው? አሁንስ ለምን እንመን?

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ኒንቴንዶ በ1995 ቨርቹዋል ቦይ የተባለ መሣሪያ አወጣ፤ የሚያሳየው ቀይና ጥቁር ብቻ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለረጅም ጊዜ በቤተ ሙከራና በማሠልጠኛ ተቋማት ተወስኖ ቆየ። በ2012 ፓልመር ለኪ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ኦኩለስ ሪፍት ብሎ የሰየመውን መነጽር ይዞ ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ቀረበና 2.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አገኘ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2014፣ ፌስቡክ ኩባንያውን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ።

በ2016 ሦስት መነጽሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ወጡ፤ ኦኩለስ ሪፍት በ599 ዶላር፣ ኤችቲሲ ቫይቭ በ799፣ ፕሌይስቴሽን ቪአር በ399። ዋጋው ግን የሚነግረን ግማሹን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከመነጽሩ የሚወደድ ኮምፒውተር ይፈልጉ ነበር። ከራስ ቅልዎ ወጥቶ ወለሉ ላይ የሚጎተት ወፍራም ገመድ ነበራቸው። ቫይቭ ጭራሽ እንቅስቃሴዎን ለመከታተል በክፍሉ ትይዩ ማዕዘኖች ከፍ ብለው የሚሰቀሉ ሁለት ሳጥኖች ነበሩት። ግድግዳ እየበሳ ጨዋታ የሚጫወት ተራ ሰው የለም፤ ገበያውም ይህንኑ መሰከረ።

ነገሩን የቀየረው በ2019 የወጣው ኦኩለስ ኩዌስት ነው። 399 ዶላር፣ ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ገመድ፤ ክፍሉን የሚያዩት ካሜራዎች መነጽሩ ላይ ራሱ የተተከሉ። በ2020 የመጣው ኩዌስት 2 ዋጋውን ወደ 299 ዶላር አወረደው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ለአፍቃሪዎች የተሠራ ነበር፤ ወደ ተራ ሰው ቤት መግባት የቻለው የመጀመሪያው መነጽር ይህ ነው።

አሁን ገበያ ላይ ያሉት ምን ምን ዓይነት ናቸው?

ሦስት ዓይነት ናቸው ብሎ መያዝ ይበቃል። አንደኛው ራሱን ችሎ የሚሠራው ነው፤ የሜታ (የቀድሞ ስሙ ፌስቡክ) ኩዌስት 3 በ2023 በ500 ዶላር ገደማ፣ ኩዌስት 3ኤስ በ2024 በ300 ዶላር ገደማ ወጡ። ሁለተኛው ከኮንሶል ጋር የሚገጠመው ነው፤ የሶኒ ፕሌይስቴሽን ቪአር2 በየካቲት 2023 በ550 ዶላር ሲወጣ ከራሱ ከፕሌይስቴሽን 5 የመነሻ ዋጋ በለጠ! በ2025 ወደ 400 ዶላር ዝቅ ብሏል። ሦስተኛው ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራው ሲሆን፣ የጨዋታ ኩባንያው ቫልቭ በ2019 ያወጣውና አሁን መመረቱ የቆመው ኢንዴክስ ከነሙሉ ዕቃው 999 ዶላር ነበር። ኩዌስትም በገመድ ወይም በጥሩ ዋይፋይ ከኮምፒውተር ጋር ስለሚገናኝ ለሁለቱም ይሆናል። የሶኒው በ2024 ለኮምፒውተር የሚሆን ማገናኛ ወጥቶለታል፤ ነገር ግን የዓይን ክትትሉን የመሰሉ ዋና ዋና ችሎታዎቹ በዚያ በኩል አይሠሩም።

በዚህ አጋጣሚ የሶኒን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ቪአር የተገዙ ጨዋታዎች በሁለተኛው ላይ እንዲሁ አይሠሩም። ገንዘቡን አውጥቶ የጨዋታ ስብስብ ያከማቸን ደንበኛ እንዲህ ባዶ እጁን ማስቀረት፣ «ይህ ነገር ዘላቂ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ጥሩ መልስ አይሆንም።

ምስሉ እንደ ቴሌቪዥን ጥርት ያለ ነው?

አይደለም፤ ግን ለጨዋታ ይበቃል። ኩዌስት 3ኤስ ለእያንዳንዱ ዓይን 1832 በ1920 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ይሰጣል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ ቴሌቪዥን ግን ፒክስሎቹን ሁሉ ፊት ለፊትዎ ባለ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ሲያከማች፣ መነጽሩ ያንኑ ያህል ፒክስል ሙሉ እይታዎ ላይ ስለሚበትነው ይሳሳል። ትልልቅ ነገር በደንብ ይታያል፤ ደቃቅ ጽሑፍ ለማንበብ ግን ዓይን ጨፈን ማድረግ ያስፈልጋል።

ከፒክስሉ ይልቅ ገዢዎች የሚዘነጉት ሌንሱን ነው። ኩዌስት 2 እና 3ኤስ ፍሬኔል የሚባል፣ ክብ ክብ መስመር ያለው ሌንስ አላቸው። መሐሉ ጥርት ይላል፤ ዳሩ ይደበዝዛል፤ በጨለማ ትዕይንት ላይ ነጭ ነገር ሲመጣ ደግሞ ብርሃን ይረጭበታል። ኩዌስት 3 ፓንኬክ የሚባለውን ቀጭን ሌንስ ስለሚጠቀም ዓይንዎን ወደ ጥግ ቢያዞሩም ምስሉ እንደጠራ ይቆያል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በከፊል የሄደው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም ተራ በተራ አጥልቆ የሞከረ ሰው ወደ ርካሹ መመለስ ይከብደዋል፤ ርካሹን ብቻ የሞከረ ሰው ግን ሲያማርር አይሰማም።

ያጥወለውላል፣ ያዞራል ይባላል። እውነት ነው?

ለብዙ ሰው እውነት ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ መፍትሔውን ግማሽ ያደርሳል።

በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አውቶቡስ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ስልክ የሚያይ ሰው ለምን ያቅለሸልሸዋል? የውስጥ ጆሮው «እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል፤ ስልኩ ላይ የተተከለው ዓይኑ «ቆመናል» ይላል። ቪአር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ዓይን «እየሮጥን ነው» ይላል፤ ጆሮ «ሳሎን መሐል ቆመናል» ይላል። አንጎል ይህን ጠብ በደግ አያየውም፤ ፊት ላይ ቀዝቃዛ ላብ፣ ከዚያ ማዛጋት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ ይከተላል።

የማጥወልወሉ ምንጭ ሁለት ነው። አንዱ ከመሣሪያው የሚመጣ ነው። ራስዎን ሲያዞሩ ምስሉ ዘግይቶ ከተከተለ ያዞራል፤ መዘግየቱ ከ20 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን መሐንዲሶች ለዓመታት የታገሉት ለዚህ ነው። ዛሬ መነጽሮቹ በሰከንድ 72፣ 90፣ እስከ 120 ምስል ስለሚያሳዩ ይህኛው ችግር በአብዛኛው ተፈትቷል። ሁለተኛው ከጨዋታው የሚመጣ ነው፤ እሱ አልተፈታም፤ በመሣሪያ ማሻሻያ ብቻም የሚፈታ አይደለም። ሰውነትዎ ቆሞ ጆይስቲክ በመግፋት ብቻ የሚራመዱበት ጨዋታ ሁሉ ይህ ጠብ አለበት።

የጨዋታ ሠሪዎች ብልሃት አላጡም። በእግር ከመሄድ ይልቅ ወደሚፈልጉበት ቦታ አመልክተው በአንድ ጊዜ ብቅ የሚሉበት መንገድ አለ። ዞር ሲሉ ዕይታው በዝግታ ከመሽከርከር ይልቅ ቆረጥ ቆረጥ እያለ የሚዞርበት አለ። ሲንቀሳቀሱ የምስሉን ዳር የሚያጨልምም አለ። ጥሩ ጨዋታ እነዚህን ሁሉ በምርጫ ያስቀምጣል።

ለጀማሪ የምንመክረው ይህን ነው፤ ቆመው ወይም ተቀምጠው ባሉበት በሚጫወቱት ጨዋታ ይጀምሩ። የሜታ መደብር እያንዳንዱን ጨዋታ በምቾት ደረጃ ከፍሎ ስለሚያሳይ ከመግዛትዎ በፊት ይመልከቱት። የመጀመሪያው ላብ ብቅ ሲል ወዲያው ያውልቁ፤ «ትንሽ ልታገሠው» ማለት የሚበጀው ለሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ማቅለሽለሹ ለሰዓታት አብሮዎት ይውላል፣ አንጎልም መነጽሩን ከሕመም ጋር አያይዞ ይይዘዋል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ቬንትሌተር ይረዳል። አብዛኛው ሰው ቀስ እያለ ይለምደዋል። ጨርሶ የማይለምደው ሰውም አለ፤ ስለዚህ ሳይሞክሩ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

የዓይን ድካሙ ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። መነጽሩ ውስጥ ነገሩ ቅርብም ይምሰል ሩቅ፣ ዓይንዎ የሚያተኩረው ሁልጊዜ በአንድ ቋሚ ርቀት ላይ ነው። ዕቃውን ወደ አፍንጫዎ አስጠግተው ሲያዩት ሁለቱ ዓይኖች ወደ ውስጥ ይዞራሉ፣ ትኩረታቸው ግን እዚያው ሩቅ ይቀራል። ከረጅም ጨዋታ በኋላ ግንባርን ጨምድዶ የሚይዘው ሕመም አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ለመሆኑ ምን የሚጫወቱበት አለ?

አለ፤ ግን እርስዎ የጠበቁት ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ የሌለውን እንናገር። እግር ኳስ በለመድነው መልኩ የለም። ቅዳሜ ማታ ጓደኛ ጠርቶ የሚጫወቱት ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በቪአር አይመጣም። በኮንሶል ላይ ዓለም የሚነጋገርባቸው ትልልቅ ጨዋታዎችም አብዛኞቹ ወደዚህ አይደርሱም።

ያለው ምንድን ነው? ቢት ሴበር አለ። ፕራግ ውስጥ በሚገኝ ትንሽ ቡድን ተሠርቶ በ2018 የወጣ፣ በሙዚቃ ምት እየተወረወሩ የሚመጡ ሳጥኖችን በሁለት የብርሃን ጎራዴ የመቁረጥ ጨዋታ ነው። ሜታ በ2019 ሠሪውን ድርጅት ገዛው። አንድ ዘፈን ሳያልቅ ብብት ይረጥባል፤ እናትም አያትም ሕጉን ለመረዳት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። እዚህ ላይ አቋማችንን እንናገር፤ ለቪአር የተፈጠረ ጨዋታ ማለት ይህ ነው። ቦታ አይቀይሩም፤ ስለዚህ አያጥወለውልም። ክንድዎን ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ በቴሌቪዥን አይተካም።

ከዚያ የተቀመጡበት ጨዋታ አለ። ግራን ቱሪስሞ 7 በፕሌይስቴሽን ቪአር2 ሲጫወቱት መሪው እጅዎ ላይ፣ የጎን መስታወቱ አንገትዎን ሲያዞሩ ያለ ቦታው ላይ ነው፤ ወደ ኩርባ ሲገቡ ዓይንዎ ቀድሞ መውጫውን ይፈልጋል። በስክሪን ላይ ይህ አይገኝም። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በኮምፒውተር ቪአር ይደግፋል፤ ጠንካራ ኮምፒውተር ካለዎት። ሥጋ የለበሰ ባለታሪክና ረጅም ጉዞ ለሚፈልግ ደግሞ ቫልቭ በ2020 ያወጣው ሃፍ ላይፍ አሊክስ አለ። ጥይቱን ከትከሻዎ ጀርባ ካለው ቦርሳ አውጥተው ጠመንጃው ውስጥ በእጅዎ ከተው ያጎርሱታል፤ ጠላት እየመጣ እጅ ሲንቀጠቀጥና ጥይቱ ወለል ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድንጋጤ ከጆይስቲክ ቁልፍ አይገኝም። የሚያሳዝነው፣ ዓመታት አልፈውም ሰዎች «የቪአር ትልቁ ጨዋታ» ሲባሉ አሁንም የሚጠሩት እሱኑ መሆኑ ነው።

ልጆቹ ደግሞ ትልልቆቹ የማያውቁት ዓለም አላቸው። ጎሪላ ታግ የሚባለው፣ እግር የሌላቸው ጦጣዎች በክንዳቸው መሬት እየገፉ የሚባረሩበት ጨዋታ፣ መልኩ ለዓይን አይሞላም፤ ነጻም ነው። ሆኖም በውስጡ በሚሸጡ ጌጣጌጦች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ማስገኘቱ በ2024 ተነግሯል። ድብብቆሽና አባሮሽ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የቪአር ተስፋ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው ከውዱ ጨዋታ ይልቅ ይህንን ቢያጠና ይሻላል።

ምን ያህል ሰው ነው የሚጫወትበት?

ከተጫዋቹ ብዛት ሲታይ ጥቂት። ሶኒ በ2020 መጀመሪያ ላይ 5 ሚሊዮን ፕሌይስቴሽን ቪአር መሸጡን ሲናገር፣ የተሸጠው ፕሌይስቴሽን 4 ከ100 ሚሊዮን አልፎ ነበር። በኮምፒውተር በኩል ስቲም የተባለው መደብር በሚያወጣው ወርሃዊ መረጃ የቪአር መነጽር ያላቸው ደንበኞች ድርሻ ለዓመታት ከ2 በመቶ ገደማ ፈቅ አላለም። ተጫዋች ስለሌለ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ጨዋታ አይሠሩም፤ ትልልቆቹ ስለማይሠሩ ተጫዋች አይመጣም።

ብዙዎች ገዝተው ከወር በኋላ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚከቱት ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ሳምንት አድናቆት የውሸት አይደለም። ቤተሰቡ በሙሉ ተራ ይጠብቃል፤ አክስት ገደል አፋፍ ላይ የቆመች መስሏት ጉልበቷ ይብረከረካል፤ ሁሉም ይስቃል። ጥያቄው የሚመጣው እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው።

አንድ ሰው በሥራ ቀን ማታ ግማሽ ሰዓት ለመጫወት ምን ያደርጋል? መነጽሩን ያነሣል፤ ባትሪው አልቋል። ቻርጅ አድርጎ ይመለሳል። ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ይገፋል። መነጽሩን ሲያጠልቅ «አዲስ ማሻሻያ አለ» ይለዋል፤ ይጠብቃል። መነጽሩ ክፍሉን አላውቀውም ስለሚል የመጫወቻ ወሰኑን ወለል ላይ እንደገና ይሥላል። የአንዱ ጆይስቲክ ድንጋይ ደክሟል፤ ከግድግዳ ሰዓቱ ነቅሎ ያስገባል። ሌንሱ በትንፋሽ ጉም ይለብሳል፤ አውልቆ ይጠርጋል። አሁን ከግማሽ ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር ፊቱ ላይ አስሮ ቆሟል፤ ኩዌስት 3 ብቻውን 515 ግራም ነው። ኮንሶል ያለው ጎረቤቱ በዚህ ጊዜ የመጀመሪያውን ጎል አግብቷል።

ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ ብቸኝነቱ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ አንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ለተመለከተ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ዐሥሩ ይፈርዳሉ። ገንዘብ የሚከፈለው ለጨዋታውም ለጨዋታው ወሬም ነው። ቪአር የለበሰ ሰው ግን ቤተሰቡ መሐል ቆሞ ከቤተሰቡ ጋር የለም። የሚያየውን ወደ ቴሌቪዥን ወይም ወደ ስልክ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ሆኖም በሰው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ምስል ለተመልካቹ ራስ ምታት ነው። በኢንተርኔት አብሮ መጫወትስ? ደስ ይላል፤ ጓደኛዎም የራሱን መነጽር መግዛት አለበት እንጂ።

አምራቾቹ በየዓመቱ ስለ ፒክስል ይነግሩናል። ቢጠይቁን የምንመርጠው፣ እንደ ንባብ መነጽር አንሥተው ወዲያው የሚያጠልቁትና ወዲያው የሚሠራ ነገር ቢያመጡልን ነው።

ቤቴ ጠባብ ነው፤ ይሆናል?

ለቁም ጨዋታ 2 ሜትር በ2 ሜትር ነጻ ወለል ይመከራል። ከዚያ ካነሰ ተቀምጠው የሚጫወቱትን ይምረጡ። ወሰኑ ላይ ሲደርሱ መነጽሩ ያስጠነቅቃል፤ ሆኖም በስሜት የተወረወረ ክንድ ማስጠንቀቂያ አይሰማም። ከፍ ብሎ የተሰቀለ አምፖልና ቴሌቪዥን ዋነኞቹ ተጎጂዎች ናቸው። የጆይስቲኩን ማሰሪያ እጅዎ ላይ ያጥብቁ፤ ሕፃን ልጅ ካለ ደግሞ በሩን ይዝጉ።

የዓይን መነጽር አደርጋለሁ፤ ጸጉሬም ሹሩባ ነው። ያስቸግራል?

ሁለቱም ይቻላሉ፣ ሁለቱም ያናድዳሉ። የዓይን መነጽርዎ ሌንስ ከቪአሩ ሌንስ ጋር ከተፋተገ የሚጫረው ውዱ ነው፤ ስለዚህ ርቀቱን የሚያሰፋውን ማስተካከያ መጠቀም ወይም በራስዎ ቁጥር የተሠራ ተጨማሪ ሌንስ ማስገጠም ይሻላል። ጸጉርን በተመለከተ፣ አብሮት የሚመጣው የጨርቅ ማሰሪያ የተነደፈው ለለስላሳና ለተኛ ጸጉር ይመስላል። ወፍራም ሹሩባ ወይም አፍሮ ላይ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ከኋላ የጭንቅላትን ታችኛ ክፍል በክብ የሚይዘው ለብቻው የሚሸጥ ማሰሪያ የተሻለ ነው፤ ክብደቱንም ከጉንጭ ላይ ያነሣል።

ላብ ሌላው ጉዳይ ነው። ፊት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ የሁሉንም ላብና ቅባት ይመጥጣል። ሜታ በ2021 አሜሪካ ውስጥ 4 ሚሊዮን ገደማ የኩዌስት 2 ስፖንጆች ቆዳ ስለሚያሳክኩ የማስተካከያ ጥሪ አድርጎ የሚለብሱትን የሲሊኮን ሽፋን ለመስጠት ተገዷል። ቤት ውስጥ ለብዙ ሰው የሚያገለግል ከሆነ የሚታጠበውን የሲሊኮን ሽፋን ቢገዙ ይመረጣል።

ለልጄ ብገዛለትስ?

ሜታ ዝቅተኛውን ዕድሜ 10 ዓመት አድርጎታል፤ ከ10 እስከ 12 ላሉት በወላጅ የሚተዳደር አካውንት ያስፈልጋል። ሶኒ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሆንም ይላል። ከዓይኑ ባልተናነሰ የሚያሳስበው ግን ወሬው ነው። ነጻ በሆኑት ጨዋታዎች ውስጥ ልጁ በድምፅ የሚያወራው ከማይታወቅ ሰው ጋር ነው፤ እርስዎም አጠገቡ ቆመው የሚሰሙት የእሱን ግማሽ ብቻ ነው። የድምፅ ግንኙነቱን ከወላጅ መቆጣጠሪያው ላይ ይገድቡ፤ ምስሉንም ወደ ስልክዎ ያስተላልፉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ቢልክልኝ ይሠራል?

ዕቃው ይሠራል፤ በዙሪያው ያለው ነገር ነው የሚያስቸግረው። ሜታ መነጽሩን በይፋ ከሚሸጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ቢበላሽ ዋስትናው የሚሠራው ዕቃው በተገዛበት አገር ነው፤ ወንድምዎ ደረሰኙን እንዳይጥለው ይንገሩት። ከተቻለ እሱ ራሱ መነጽሩን አስነሥቶ፣ አካውንት ከፍቶ፣ ማሻሻያውን ጭኖ፣ ጥቂት ጨዋታዎችንም ገዝቶ አውርዶ ቢልክልዎ ትልቅ ጣጣ ያቀልልዎታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የስልክ መተግበሪያና ኢንተርኔት የግድ ናቸው፤ ትልልቆቹ ጨዋታዎች ደግሞ በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠሩ ስለሆኑ በሞባይል ጥቅል ማውረድ ኪስ ያራቁታል።

ክፍያውም አለ። የአገር ውስጥ የባንክ ካርድ ለውጭ ግዢ እንደልብ አይሠራም፤ በዚህ ምክንያት ብዙዎች ጨዋታ የሚገዙት በዘመድ ካርድ ነው። ዋጋውን በብር ለሚያሰላም፣ ከሐምሌ 2024ቱ የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ማለፉን ማስታወስ ይበቃል። 300 ዶላር «ርካሽ» የሚሆነው በዶላር ደመወዝ ለሚበላ ሰው ነው።

አንድ ደግ ነገር አለው፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ኩዌስት በባትሪው ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ የወረደ ጨዋታም ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል።

ለጉጉት ብቻ ከሆነ ግን፣ በአንድ የገበያ ማዕከል ለጥቂት ደቂቃ ከፍሎ ወይም ያለው ጓደኛ ቤት ሄዶ መሞከር ይቀድማል።

የአፕል ቪዥን ፕሮስ?

በ2024 በ3,499 ዶላር ወጣ። ስክሪኑ አስደናቂ ነው። ሲወጣ የራሱ ጆይስቲክ እንኳ አልነበረውም፤ ለጨዋታ ተብሎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ይህን ገበያ በዋናነት ተሸክሞት ያለው አንድ ኩባንያ ነው። የሜታ የቪአርና የብልህ መነጽር ክፍል በ2024 ብቻ ወደ 17.7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ አስመዝግቧል። በዚያው ዓመት ሜታ ሬዲ አት ዶን የተባለውን የጨዋታ ድርጅቱን ዘጋ፤ ሶኒም ለመጀመሪያው ቪአሩ ጨዋታ የሠራለትን የለንደን ስቱዲዮውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። መነጽሩ በ300 ዶላር የወጣው ሌላ ሰው ልዩነቱን እየከፈለ ስለሆነ ነው፤ የሚከፍለው ሰው እስኪሰለቸው ድረስ መጠቀም ደግሞ ብልህነት ነው። በሌላ በኩል ቫልቭ ስቲም ፍሬም የተባለ ራሱን የቻለ መነጽር በኅዳር 2025 አስተዋውቋል፤ ቀድሞ በስቲም ላይ የተገዙ ተራ ጨዋታዎችንም በትልቅ ስክሪን መልክ የሚያጫውት ነው። ኮምፒውተር ያለዎት ተጫዋች ከሆኑ እሱን ሳያዩ ባይቸኩሉ ጥሩ ነው።

ስፖርት የሚሠሩበት ነገር የሚፈልጉ ከሆነ ኩዌስት 3ኤስን ዛሬ ይግዙ፤ መጠበቅ የሚጨምርልዎት ነገር የለም። የመኪና ጨዋታ የሚወዱና ፕሌይስቴሽን 5 ያለዎት ከሆነ፣ ዋጋው የቀነሰው ቪአር2 ለግራን ቱሪስሞ ብቻ ቢገዛ እንኳ አያስቆጭም። «አንድ ነገር ገዝቼ ሁሉንም ልጫወትበት» የሚሉ ከሆነ ኮንሶል ይግዙ።

ያገለገለ ብገዛ ምን ልመልከት?

መጀመሪያ ሌንሱን። የቪአር ሌንስ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ከኋላው ያለውን ስክሪን ያቃጥላል፤ መነጽሩ መስኮት አጠገብ ወይም መኪና ውስጥ ሌንሱ ወደ ፀሐይ ዞሮ ለአጭር ጊዜ ከቆየ ይበቃል። ያበሩትና ነጭ ገጽ ይክፈቱ፤ ቢጫ ወይም ጥቁር ነጥብ ወይም ጭረት የመሰለ መስመር ካዩ ይተዉት፤ አይጠገንም። ቀጥሎ ሁለቱንም ጆይስቲኮች ይሞክሩ፤ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ ምስሉ ላይ ያለው እጅ ከተንሸራተተ የእንቅስቃሴ ክትትሉ ችግር አለበት፤ ባለታሪኩ በራሱ ከተራመደ ደግሞ የጆይስቲኩ መግፊያ ዱላ አልቋል። ባትሪውን ሞልቶ እንዲያመጣልዎ ይጠይቁና እየሞከሩ ሳለ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ይከታተሉ። በመጨረሻም ሻጩ አካውንቱን ከመሣሪያው ላይ እዚያው ፊትዎ እንዲያጠፋ ያድርጉ፤ የእሱ ስም ተመዝግቦበት የቀረ መነጽር በኋላ ሊያስቸግርዎት ይችላል። ስፖንጁንስ? እሱን ያለ ጥያቄ ይጣሉትና አዲስ ይግዙ።